የታካሚ ቃል

በሕክምና ጥናት «ፔሸንት ሪፖርትድ አውትካም» የሚባለውን መለኪያ በአማርኛ «የታካሚ ቃል» ብንለው ይስማማዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ታካሚው ስለ ጤናው ሁኔታ በቀጥታ የሚሰጠው፣ ሐኪምም ሆነ ሌላ ሰው ያልተረጎመው መግለጫ ነው። ችሎት ቀርቦ የሚሰጥ ቃል ከምስክሩ አንደበት መውጣት እንዳለበት ሁሉ፣ ይህም ከታካሚው መምጣት አለበት። አስታማሚ ልጅ «እናቴ ሌሊቱን ደህና አድራለች» ብትል ለሐኪሙ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ የታካሚ ቃል ግን አይደለም። እናትየው ሕመሟን ውጣ ዝም ብላ አድራ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ ሕሙማንን ከማክበር ያለፈ ነው። ተመራማሪው ኤታን ባሽና ባልደረቦቹ በኒውዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ካንሰር ማዕከል፣ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተዛመተባቸውን 766 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን እንደ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና ሕመም ያሉ 12 ምልክቶችን በኮምፒውተር እየመዘገበ ሲታከም፣ ሌላው በተለመደው ክትትል ቀጠለ። ከመዝጋቢዎቹ አንዱ ምልክት ሲበረታበት ወይም ሲባባስበት ለነርሶች በኢሜይል ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤት፣ ከመዝጋቢዎቹ ግማሾቹ ቢያንስ 31.2 ወር በሕይወት ቆይተዋል፤ በሌላው ቡድን ይኸው ልክ 26 ወር ነው። መዝጋቢዎቹ ኬሞቴራፒውንም ረዘም ላለ ጊዜ መቀጠል ችለዋል። ለእኔ ትልቁ ነገር ማስጠንቀቂያው ነው፤ ቃሉ ተመዝግቦ መዝገብ ቤት ቢቀር ኖሮ ነርሷ ስልክ ለመደወልም ሆነ መድኃኒት ለማስቀየር ምክንያት አታገኝም ነበር።

በእኛ አገር ትልቁ ፈተና አጠያየቁ ነው። «እንዴት ነህ?» ሲባል ታካሚው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ መልሱ የምስጋና እንጂ የሕመም መግለጫ አይደለም። «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ሕመም ምን ያህል ጊዜ ከእንቅልፍህ ቀሰቀሰህ?» ሲባል ግን ሌላ ነገር ይናገራል። መጠይቁም ከኑሮው መስማማት አለበት። ኤስኤፍ 36 የተሰኘው ታዋቂ መጠይቅ የሰውን አቅም ሲመዝን ጎልፍ መጫወትን በምሳሌነት ይጠቅሳል፤ ይህ ለጎጃም ገበሬ ምንም አይነግረውም። ውኃ መቅዳት፣ ሞፈር መሸከም፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለስ ቢባል ወዲያው ይገባዋል።

ማንበብ የማይችል ታካሚ ደግሞ መጠይቁ ይነበብለታል። አንባቢው ጥያቄውን እንዳለ ያነባል፤ መልስ አይጠቁምም፣ የታካሚውን አነጋገርም አያሳምርም። አስታማሚውም ቢሆን ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ወጣ ቢል ይመረጣል፤ ብዙ ሰው ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ሕመሙን በልኩ አይናገርም።