ርካሽ ባህላዊ የኪስ ሰንጢ

ርካሽ ባህላዊ የኪስ ሰንጢ ሲባል ቅርጹም አሠራሩም ከአንድ አካባቢ የቆየ ልማድ የተቀዳ፣ በፋብሪካ በብዛት የሚመረትና ከተሠራበት አገር ወጥቶ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ ታጣፊ ቢላ ማለት ነው። የፈረንሳዮቹ ኦፒኔልና ዱክዱክ፣ የጃፓኑ ሂጎኖካሚ፣ በጀርመን ተጀምሮ ዛሬ በደቡብ አፍሪካ የሚሠራው ኦካፒ፣ በቻይና ለአሜሪካ ገበያ የሚመረቱት፣ ስለታቸውን የጀርባ ሞላ የሚይዝላቸው ባለሞላ ሰንጢዎችም በዚሁ ይመደባሉ። አብዛኞቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ሱቆች ከ30 ዶላር በታች ይሸጣሉ። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰንጢ በሁለት መንገድ ይረክሳል። አንደኛው አሠራሩ ቀላል ሲሆን ነው፦ ክፍሎቹ ጥቂት፣ ጥሬ ዕቃው በቅርብ የሚገኝ፣ ንድፉም አንዴ ከተስተካከለ ወዲህ ብዙም ያልተነካ። ሁለተኛው ገዢው ከማያየው ቦታ፣ ከብረቱ ጥራት ወይም ብረቱን በእሳት ከማጠንከሩ ሥራ፣ ተቀሽቦ ሲሠራ ነው። ሁለቱም መደርደሪያ ላይ አንድ ዋጋ ሊለጠፍባቸው ይችላል። ልዩነታቸው የሚታወቀው ሥራ ላይ ነው፤ የፊተኛው ከእሱ አሥር እጥፍ ከሚያወጣ ሰንጢ ጋር ቢወዳደር እንኳ እንጨት በመቅረፍና ፍራፍሬ በመላጥ አያንስም፣ አንዳንዴም ይበልጣል፤ የኋለኛው ጥቂት ካርቶን እንደቆረጠ ይደንዛል። ርካሽ ሰንጢን በጅምላ የሚንቅም በጅምላ የሚያወድስም ይህን ልዩነት ስቶታል።

ስለትና ብረት

አንድ ቢላ ጥሩ መቁረጡ በዋናነት የሚወሰነው በብረቱ ስም ሳይሆን በስለቱ ቅጥነት ነው። ብዙ ዘመናዊ ውድ ታጣፊ ቢላዎች ጀርባቸው 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወፍራል። እንዲህ ያለው ስለት ካሮት ወይም ፖም ውስጥ ሲገባ እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። የኦፒኔል ቁጥር 8 ጀርባ ግን 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጎንና ጎኑም ከጀርባው እስከ አፉ በቀስታ እየሳሳ ይወርዳል። ገበሬው፣ እረኛውና አናጺው ለዕለት ሥራቸው የፈለጉት ይህንኑ ነበር። በዚህ ስለት በር መፈልቀቅ ወይም ቆርቆሮ መክፈት አይቻልም፤ ይሰበራል። ለዚያ ሥራ አልተሠራም።

ከእነዚህ ሰንጢዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ካርቦን ከበዛበት አረብ ብረት ነው። በኦፒኔሉ ብረት ውስጥ የካርቦኑ መጠን 0.9 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ዓይነቱ ብረት በተራ መሳያ ድንጋይ በጥቂት ደቂቃ ይሳላል፣ ጫፉም እጅግ ቀጭን ሆኖ መቆም ይችላል። ጉዳቱ ዝገት ነው። ብረት እንዳይዝግ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሊኖረው ይገባል፤ ይኼኛው ግን ያን ያህል የለውም፤ ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲነካው መልኩ ወደ ግራጫና ሰማያዊ ይለወጣል። አዲስ ገዢ ይህን ሲያይ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። ይህ በላዩ የሚፈጠረው ሽፋን ግን ምንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ብረቱን ከሚበላው ቀይ ዝገት በመጠኑ ይከላከላል። ጠርጎ ማድረቅና አልፎ አልፎ የምግብ ዘይት መቀባት ይበቃዋል።

ኦፒኔል

ከዚህ ቤተሰብ በጣም የታወቀው ኦፒኔል ነው። ፈጣሪው ጆሴፍ ኦፒኔል በ1872 በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በአልፕስ ተራሮች ሥር ባለው የሳቮዋ ግዛት ተወለደ። ቤተሰቡ አንጥረኞች ነበሩ፤ ለአካባቢው ገበሬ መጥረቢያና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ጆሴፍ የመጀመሪያውን ሰንጢ በ1890 ሲሠራ ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር። በ1897 ሰንጢው ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 12 ድረስ በ12 መጠን ተዘጋጀ። ቁጥር 1 ለአብዛኛው ሥራ በጣም አነስ ያለ፣ ቁጥር 11 ደግሞ ከጎረቤቶቹ ብዙም የማይለይ ስለነበር ሁለቱ በ1935 ከምርት ወጡ። የቀሩት አሥሩ ዛሬም አሉ። ገዢው የሚያዘወትረው 8.5 ሴንቲ ሜትር ስለት ያለውን ቁጥር 8 ነው።

ስለቱ ላይ የተቀረጸው ዘውድ የተደፋበት እጅ የራሱ ታሪክ አለው። በ1565 ንጉሥ ሻርል 9ኛ የፈረንሳይ ቢላ ሠሪ ሁሉ በሥራው ላይ መለያውን እንዲያሳርፍ አዘዘ፤ ኦፒኔልም ይህን ልማድ ተከትሎ የራሱን ምልክት መረጠ። እጁ የመጣው ከአቅራቢያው ከተማ ከሳን ዣን ደ ሞሪየን ዓርማ ሲሆን፣ በከተማዋ ካቴድራል እንደሚገኝ የሚታመነውን የመጥምቁ ዮሐንስን የጣት አፅም ያስታውሳል። ዘውዱ የጥንቱ የሳቮዋ መሳፍንት ነው። በአንድ ርካሽ ዕቃ ላይ ይህን ያህል የአገር ትዝታ መቀመጡ ሰንጢው ለምን ለሳቮዋ ሰው ኩራት እንደሆነ ያስረዳል።

አሠራሩ በጣም ቀላል ነው። እጀታው ከአንድ ወጥ እንጨት፣ ብዙውን ጊዜ ከቢች ዛፍ፣ ይጠረባል፤ ስለቱ የሚታጠፍበት ስንጥቅ በመጋዝ ይበጃል፤ አንድ የብረት አንገት ይገባበትና ስለቱ በአንድ ሪቬት ይያያዛል። እስከ 1955 ድረስ ይኸው ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ማርሴል ኦፒኔል በአንገቱ ላይ የሚሽከረከር ቀለበት ጨመረ፤ ቀለበቱ ሲዞር ስለቱ በጣት ላይ እንዳይታጠፍ ይቆልፈዋል። ከዚያ ወዲህም ክፍሎቹ አምስት ብቻ ናቸው። ሞላ የለው፣ ብሎን የለው፤ ሊሰበር የሚችል ስውር ነገር የለውም። ዋጋው የወረደው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ከስለቱ የተቀነሰ የለም።

እንጨቱ ግን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ያን ጊዜ ስለቱ በስንጥቁ ውስጥ ተጣብቆ በጥፍር አይወጣም። የሳቮዋ ሰዎች መላ አላቸው፦ ቀለበቱን ከፍተው የእጀታውን የኋላ ጫፍ በጠረጴዛ ጠርዝ ወይም በድንጋይ መታ ሲያደርጉት ስለቱ ብቅ ይላል። ዘላቂው መፍትሔ አዲሱን እጀታ የተልባ ዘይት ማጠጣት ወይም ስንጥቁን በአሸዋ ወረቀት ጥቂት ማስፋት ነው። ባለቤቱ በራሱ እጅ ሊያስተካክለው የሚችለው ዕቃ ነው፤ ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ውድ ሰንጢ የገዛ ሰው እጀታውን ሊሞርድ አይደፍርም።

የላሜራ እጀታዎች

እንጨቱን ጨርሶ የተዉም አሉ። በማዕከላዊ ፈረንሳይ የምትገኘው ቲዬር ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በቢላ ሥራ የኖረች ከተማ ናት። የዱሮል ወንዝ የሞረድ ድንጋዮቹን ያሽከረክር ነበር፤ ሠራተኞቹ ከድንጋዩ በላይ በተጋደመ ሳንቃ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ስለቱን ይስሉ፣ ለሙቀትም ውሻቸውን እግራቸው ላይ ያስተኙ ነበር። በዚህች ከተማ ጋስፓር ኮኜ በ1929 ዱክዱክን ነደፈ። እጀታው አንድ ላሜራ ታጥፎ የተሠራ ሲሆን፣ ላዩ ላይ የሜላኔዥያ መንፈስ ሥዕል ታትሞበታል፤ መጀመሪያ የታሰበው ለፓሲፊክ ደሴቶች ገበያ ነበርና። ከሁሉ በላይ የተወደደው ግን በሰሜን አፍሪካ፣ በተለይም በአልጄሪያ ነው። ሥዕሉን በሃይማኖት ምክንያት ለማይሹ ሙስሊም ገዢዎች ኤል ባራካ የተባለ ሌላ ዓይነት ተዘጋጀ። የዱክዱክ የጀርባ ሞላ በጣም ጠንካራ ነው፤ በጥፍር ለመክፈት ጉልበት ይጠይቃል።

ሂጎኖካሚ ከዚህም የቀለለ ነው። በጃፓን ሂዮጎ ክፍለ ሀገር፣ በሚኪ ከተማ፣ በ1890ዎቹ መሠራት ጀመረ። ሰይፍ ታጥቆ መሄድ በ1876 ከተከለከለ በኋላ ብዙ ሰይፍ ሠሪዎች ወደ ተራ የሥራ ዕቃዎች ዞረው ነበር። ስለቱ በታጠፈ የናስ ወይም የብረት ላሜራ ውስጥ ይገባል፤ ሞላም ቁልፍም የለውም፤ ከኋላው በምትወጣው ትንሽ ምላስ ላይ አውራ ጣት ሲያርፍ ስለቱ ተከፍቶ ይቆማል። የጃፓን ተማሪዎች ለረዥም ዘመን እርሳሳቸውን የሚቀርጹት በእሱ ነበር። በጥቅምት 1960 የሶሻሊስት ፓርቲ መሪው ኢኔጂሮ አሳኑማ በመድረክ ላይ እያሉ በአጭር ሰይፍ ከተገደሉ በኋላ ልጆችን ከስለት የማራቅ ዘመቻ ተነሳ፤ በሰንጢ የተፈጸመ ግድያ ባይሆንም ጦሱ ለሂጎኖካሚ ተረፈ። ሠሪዎቹ አንድ በአንድ እየዘጉ ሄደው ዛሬ ስሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው።

ኦካፒ ግን እጀታው እንጨት ነው፤ ለአፍሪካ ተብሎ የተሠራ ሰንጢ ነው። በ1902 በጀርመን የተጀመረው በአህጉሩ ለነበሩት የጀርመን ቅኝ ግዛቶች ገበያ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ምርቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። የጨረቃና የከዋክብት ቅርጽ በእጀታው ላይ ተለጥፎበታል፤ ሲከፈት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ለማጠፍ ከጀርባው ያለው ቀለበት ይሳባል። በደቡብ አፍሪካ የሠራተኛው የዕለት ዕቃ ነው፤ በወንጀልም ስሙ ይነሳል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

የውጭ ዕቃና ንቀቱ

ከውጭ የገባ ርካሽ ሰንጢ መናቁ አዲስ ነገር አይደለም። የእንግሊዟ የሸፊልድ ከተማ ቢላ ሠሪዎች የጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ ዕቃ የእነሱን ምልክት አስመስሎ በርካሽ ይሸጣል እያሉ ያማርሩ ነበር። በ1887 የወጣው የብሪታንያ የንግድ ምልክት ሕግ የውጭ ዕቃ የተሠራበትን አገር እንዲናገር ያስገደደው በከፊል በዚህ ጩኸት ነው። ‹‹በጀርመን የተሠራ›› የሚለው ጽሑፍ ለማሳፈር ተብሎ ገብቶ ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳይሞላው የጥራት ማረጋገጫ ሆነ። የስዊዘርላንድ ጦር ዝነኛ ሰንጢ እንኳ በ1891 መጀመሪያ የታዘዘው ከዞሊንገን ነበር፤ በአገር ውስጥ ያን ያህል ብዛት ማምረት የሚችል ሠሪ ስላልነበረ።

አሜሪካም በ1890 በማኪንሊ የታሪፍ ሕግ በኪስ ሰንጢ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች፤ ሸፊልድ ተጎዳች፣ የኒውዮርክና የፔንስልቬኒያ ፋብሪካዎች አበቡ። ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በኒውዮርክ ኤለንቪል የነበረው የኢምፔሪያል ሽሬድ ሰንጢ ፋብሪካ በ2004 ተዘጋ፤ ስሙ ተሽጦ ዕቃው በቻይና መሠራት ጀመረ። ዛሬ ርካሾቹ ባለሞላ ሰንጢዎች በብዛት የሚመጡት በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ካለችው ከያንግጂያንግ ነው። ራፍ ራይደር የተባለውን ዓይነት የቴኔሲው የቢላ ነጋዴ ስሞኪ ማውንቴን ናይፍ ወርክስ ያስመጣዋል፤ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ስለት የሆኑትን የአሜሪካ እረኞችና አዳኞች ጥንታዊ ቅርጾች በከብት አጥንት እጀታ ያቀርባል። አንድ ሰው ባለ ሦስት ስለቱ ይስማማው እንደሆነ በ15 ዶላር ሞክሮ ማወቅ ይችላል፤ ተመሳሳዩ የአሜሪካ ሥራ ብዙ እጥፍ ያስከፍለዋል። የአሜሪካ ሠራተኞች እንጀራ በዚህ መሐል መጥፋቱ ግን የሚካድ አይደለም፤ ቅርጾቹን ያወጡት እነሱ ነበሩ።

በእነዚህ ሰንጢዎች ጥራት አንዱ ከሌላው ይለያያል፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት አንስቶ ማየት ይገባል። ስለቱ ሲታጠፍ መሃል ላይ መቀመጥና የእጀታውን ጎን አለመንካት አለበት፤ ተከፍቶ ወደ ጎን ሲነቀነቅ መላላት የለበትም፤ ሞላው ከጀርባው ጋር ሲገጥም ብርሃን ሊያሳልፍ አይገባም። የአጠነካከሩን ጥራት ግን ዓይን አያውቀውም፤ የሚያውቀው መሳያ ድንጋይ ነው። በደንብ የተሳለ ስለት በለስላሳ እንጨት ላይ ጥቂት ቆይቶ ጫፉ ከተጣጠፈ ብረቱ በደንብ አልጠነከረም።

ይዞ ስለመንቀሳቀስ

የሰንጢ ርካሽነት ከሕግ አያድንም። በብሪታንያ በ1988 በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚቻለው ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ የማይቆለፍ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው። በዚህ መለኪያ ኦፒኔል ቁጥር 8 በርዝመቱም በቀለበቱም ከሚፈቀደው ውጭ ነው፤ ቀለበት የሌላቸው ትንንሾቹ ቁጥሮች ግን ይፈቀዳሉ። በፈረንሳይ በራሷም ሰንጢ ያለ አሳማኝ ምክንያት ይዞ መዘዋወር ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ለሽርሽር ምሳ ወይም ለእንጉዳይ ለቀማ መያዝና በሌሊት ከተማ ውስጥ መያዝ አንድ ተደርገው አይታዩም። በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ሰንጢውን በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት።