ስህተትን መውረስ (በሶፍትዌር)
አንድ ሶፍትዌር ከሌላው ጋር እንዲግባባ ሲባል የቀደመውን እንከን ጭምር ሆን ብሎ መድገም ነው። ታዋቂው ምሳሌ የኤክሴል የቀን አያያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የሰንጠረዥ ሶፍትዌር ሎተስ 1-2-3 ቀናትን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ በተራ ቁጥር ይይዝ ነበር፤ 1900ን ግን ፌብሩዋሪ 29 እንዳለው አድርጎ ቆጠረው። በጎርጎርዮሳዊው ሕግ በ100 የሚካፈል ዓመት በ400 ካልተካፈለ ቀን አይጨመርለትም። የኤክሴል ባለቤት ማይክሮሶፍት የሎተስ ሰነዶች ሳይዛቡ እንዲከፈቱለት ስለፈለገ ስህተቱን እንዳለ ወሰደው። ዛሬም በኤክሴል ሴል ውስጥ 60 ጽፈው ወደ ቀን ቢቀይሩት ያ ጨርሶ ያልነበረ ቀን ብቅ ይላል።

ማረሙ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ያለው ዕለት ሁሉ በአንድ ቀን ስለሚንሸራተት የደመወዙም የብድሩም ሰንጠረዥ ይናጋል። የቢሮ ሶፍትዌሩ ሊብሬኦፊስ የተሻለ ብልሃት አለው፦ መነሻውን ዲሴምበር 30 ቀን 1899 አድርጎ ከማርች 1 ቀን 1900 ጀምሮ ከኤክሴል ጋር ይገጥማል፤ የሌለውን ቀን ግን አይቀበልም። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ዋይን እንዲህ ያለ ማምለጫ እምብዛም አያገኝም፤ ፕሮግራሙ በዊንዶውስ እንከን ላይ ተደግፎ ከተጻፈ እንከኑንም መምሰል ይኖርበታል። ለሰርጎ ገቦች በር የሚከፍት ቀዳዳ ሲሆን ግን መድገሙ ሰበብ የለውም።