ከምትኖሩበት ስቴት ውጪ ቲኬት ቢሰጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ሜሪላንድ እየኖራችሁ ቨርጂኒያ ላይ፣ ወይ ከአትላንታ ወደ ቻርሎት ስትነዱ ፖሊስ አስቁሞ ቲኬት ሰጣችሁ እንበል። “የሌላ ስቴት ነው፣ ተወው፣ አይከተልህም” የሚል ምክር ከጓደኛ አይጠፋም። በውስጥ መስመርም ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። አጭሩ መልስ፦ ይከተላል።

አብዛኞቹ ስቴቶች በሁለት ስምምነቶች የተሳሰሩ ናቸው። በአንደኛው፣ ጥፋተኛ ከተባላችሁ መረጃው መንጃ ፈቃድ ወደሰጣችሁ ስቴት ይላካል። ሁለተኛው ዝም ለሚል ሰው ነው። ቲኬቱን ሳትከፍሉ ወይ ሳትከራከሩ ከቀራችሁ የራሳችሁ ስቴት መንጃ ፈቃዳችሁን ያግዳል። በዚህኛው ውስጥ 44 ስቴቶችና ዲሲ አሉ። ካሊፎርኒያ፣ ኦሪገንና ሚሺጋን ከሌሉበት መካከል ናቸው። ቢሆንም ቲኬቱን የሰጠው ስቴት በራሱ መንገድ ላይ እንዳትነዱ ሊከለክላችሁ ይችላል።

ፖሊሱ ፈርሙ ሲላችሁ ፈርሙ። ፊርማው “እቀርባለሁ ወይ እመልሳለሁ” ማለት እንጂ “አጥፍቻለሁ” ማለት አይደለም። ጥፋትን ማመን የሚሆነው መክፈሉ ነው! ብዙ ሰው “ከፍዬ ልገላገል” ብሎ ኦንላይን ይከፍልና ፖይንቱ እና የኢንሹራንስ ጭማሪው በኋላ ይመጣበታል። የፖይንቱ ነገር እንደ ስቴቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ ሌላ ስቴት የተያዘውን ጥፋት ፖይንት ትሰጥበታለች፤ ኒውዮርክ ግን ለአብዛኞቹ የሌላ ስቴት ቲኬቶች ፖይንት አትጨምርም።

ቀኑን ወዲያው እዩ። ሜሪላንድ ለመክፈል ወይ ችሎት ለመጠየቅ 30 ቀን ትሰጣለች። ቨርጂኒያ ላይ የፍርድ ቤቱ ቀን ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይሰጣችኋል።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ቨርጂኒያ። እዚያ ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ “ሬክለስ ድራይቪንግ” ይባላል። አይ 95 ላይ 70 በተፈቀደበት በ86 ብትነዱ 16 ማይል ብቻ ነው ያለፋችሁት፤ ግን ተራ ቲኬት አይደለም፣ ወንጀል ነው። ጣሪያው እስከ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሁሉ ይታሰራል እያልን አይደለም። ነገር ግን ኦንላይን ከፍሎ መዝጋት አይቻልም፤ መቅረት ደግሞ የመያዣ ትዕዛዝ ሊያስወጣ ይችላል። ግሪን ካርድ ወይ ዜግነት የምትጠብቁ ሰዎች የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሩ “አምኛለሁ” አትበሉ። (ራዳር መጠቆሚያ ገዝቼ እገላገላለሁ ያላችሁም ካላችሁ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ እሱም ክልክል ነው።)

ጠበቃ ከያዛችሁ ቲኬቱ በተሰጠበት ስቴት ፈቃድ ያለው ይሁን፤ የሰፈራችሁ ጠበቃ እዚያ ፈቃድ ከሌለው አይረዳችሁም። ቀለል ባሉ ጉዳዮች ብዙ ጊዜ እናንተ ሳትሄዱ እሱ ይቀርብላችኋል። ራሳችሁ ከቀረባችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ለትራፊክ ጉዳይ ክፍያ የለውም። ቀደም ብላችሁ ካላሳወቃችሁ ግን ቀጠሮው ሊራዘምባችሁ ይችላል፣ ስለዚህ በዕለቱ አትጠይቁ።

በሲዲኤል የምትሰሩ የትራክ ሾፌሮች ነገሩ ይብስባችኋል። ጥፋተኛ በተባላችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪያችሁ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ፤ የግል መኪናችሁን ስትነዱ የተያዛችሁ ቢሆንም። “ትምህርት ውሰድና ከሪከርድህ ይጠፋል” የሚባለው መውጫ በፌዴራል ሕግ ለእናንተ ተዘግቷል። ትራክ ላይ ሆናችሁ 15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ ከባድ ጥፋት ነው፤ በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ከሆነ 60 ቀን፣ ሦስት ከሆነ 120 ቀን ከሥራ ውጪ ናችሁ። ለአንድ ቲኬት ጠበቃ መያዝ ውድ የሚመስለው ይህን እስክታሰሉት ነው።

የዲሲ ካሜራ ሌላ ነው። የሚመጣው በታርጋው ለባለመኪናው ነው፣ ማንም ይንዳው። በጊዜው ካልተመለሰ እጥፍ ይሆናል። የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ታርጋ ያላቸው ብዙዎች ለዓመታት ሳይከፍሉ ይነዱ ነበር፤ በ2024 የወጣው ሕግ ግን የዲሲ ዐቃቤ ሕግ የሌላ ስቴት ሾፌሮችን ፍርድ ቤት እንዲከስ ፈቅዷል። ያልተከፈለ ከተጠራቀመ ደግሞ ዲሲ ውስጥ ባቆማችሁበት ጎማው ይታሰራል። መኪናችሁን ለሌላ ሰው የምታውሱ ከሆነ በታርጋችሁ ያለውን ዕዳ የዲሲ ዲኤምቪ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ እዩ።