ጥፋተኛው ጎተራው አልነበረም

ወዳጆቼ፣ የታሪክ መምህር ስለ ኮምፒውተር ጻፈ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ።

ከዓመታት በፊት በነበርኩበት ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት ያለበት ፋይል አልከፈት አለ። እኔም ወዲያው «የአይሲቲው ልጅ ነክቶት ነው» አልኩ። ለምን? መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠው እሱ ነበራ! ኋላ ሲታይ ግን መብራት ሲመጣ ሲሄድ ሃርድ ዲስኩ ተጎድቶ ኖሯል።

ይህን ያስታወሰኝ የሊኑክስ ታሪክ ነው። ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም ከርነል 4.19 ወጣ። ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ብዙም ሳይቆይ አዲሱን ከጫኑት የአንዳንዶቹ ፋይል ይበላሽ ጀመር። ትናንት ደህና የነበረ ነገር በአዲስ ለውጥ ሲበላሽ ሪግሬሽን ይሉታል። ጉዳቱ የታየው ኤክስት4 በተባለው ፋይል ሲስተም ላይ ስለሆነ ሁሉም ጣቱን ወደ እሱ ቀሰረ። የኤክስት4 ኃላፊ ቴድ ሶ ግን በራሱ ማሽን ቢሞክረው ችግሩ አልታይ አለው።

እንዴት ተገኘ? ለውጦቹን ለሁለት እየከፈሉ በመሞከር። ግማሹ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ያለው በቀረው ግማሽ ነው፤ እሱን ደግሞ ለሁለት። 10,000 ለውጥ ቢኖር 14 ጊዜ ያህል መክፈል ይበቃል። ችግሩ፣ ብልሽቱ አንዳንዴ ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው የሚታየው፤ ቸኩሎ «ይሄኛው ደህና ነው» ያለ ሰው መንገድ ይስታል።

በመጨረሻ ጥፋቱ ከፋይል ሲስተሙ በታች፣ ዳታውን ወደ ዲስክ በሚያደርሰው ክፍል ተገኘ። በእኛ አገር በቆሎ ልንገራችሁ። ኤክስት4 ጎተራ ጠባቂው ነው እንበል። ጫኙ አንድ ኩንታል ይዞ መጋዘን ሲደርስ ደረሰኝ ተጻፈለት፤ ግን «ቦታ የለም፣ ጠብቅ» ተብሎ ተመለሰ። ወረፋ ላይ ሳለ ሌላ ጭነት ተጨመረበት፤ ደረሰኙ ግን የድሮው ነው። ጭነትና ደረሰኝ ተለያየ! ወረፋ አስያዥ ያላቸው ማሽኖች በዚህ መንገድ ስለማያልፉ አልተነኩም፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ሰላም የነበረው ለዚህ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጄንስ አክስቦ ያዘጋጀው ማስተካከያ ኅዳር መጨረሻ ላይ በ4.19.8 ወጣ።

ክፍል ውስጥ «ቀድሞ የመጣ ሁሉ መንስኤ አይደለም» እያልኩ አስተምራለሁ። ጉዳት የታየበት ቦታም ጉዳት የተሠራበት ላይሆን ይችላል። ያን ልጅ ግን ይቅርታ የጠየቅሁት በቅርቡ ነው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለኝ። እኔ አልረሳሁትም።

ሰላም እደሩ።