ጃንትራና የገዳሪፍ የኦርግ ጨዋታ

ጃንትራ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ በሆነው አካባቢ የሚታወቅ የኦርግ ተጫዋች ነው። ሱዳኖች ኦርግ የሚሉት የኤሌክትሪክ ኪቦርድን ነው። ጃንትራ የሚጫወተው በመንደር ድግስ ላይ፣ ጃግላራ በሚባለው የጭፈራ ስልት ነው። መነሻና መድረሻቸው የተወሰነ ዘፈኖች የሉትም፤ በያማሃ ኪቦርዱ ምቱን ይለቅና ዜማውን እዚያው እየፈጠረ፣ አንዱን ሐረግ ከሌላው እያያያዘ ለሰዓታት ይዘልቃል። ኦስቲናቶ ሬከርድስ በ2023 እ.ኤ.አ. «ሲንተሳይዝድ ሱዳን» ብሎ ያወጣለት አልበም ሙሉ ርእሱ ላይ ፋሻጋን ያነሳል፤ ኢትዮጵያና ሱዳን የሚወዛገቡበትን ለም የድንበር መሬት።

ይህን ጨዋታ ከኦርጋን ኢምፕሮቫይዜሽን፣ ማለትም ዜማን እዚያው በቅጽበት ከመፍጠር ጥበብ መመደብ ተገቢ ነው። ፈረንሳዊው የኦርጋን ተጫዋች ማርሴል ዱፕሬ በታኅሣሥ 1921 እ.ኤ.አ. ፊላዴልፊያ በነበረው የዋናሜከር የገበያ አዳራሽ ታላቅ ኦርጋን ላይ፣ በተሰጡት የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ላይ ተነሥቶ አንድ ሙሉ ሲምፎኒ በቅጽበት ፈጠረ። መሠረቱ ይሰጣል፤ ሕንጻው ግን የተጫዋቹ ነው። ከድንበሩ ወዲህ ያለው የጎንደር አዝማሪም «ተቀበል» ተብሎ የተወረወረለትን ስንኝ ተቀብሎ፣ በማሲንቆው እያሽሞነሞነ ይመልሳል። የጃንትራ መሠረት ደግሞ ቅኝቱና የጨፋሪው እግር ናቸው፤ ጭፈራው ሲሞቅ ሐረጉ ይደጋገማል፣ ሲቀዘቅዝ ይለወጣል።

ምቱን የሚመታው ማሽን ነውና ጥበቡ የታለ የሚል ይኖራል። ማሽኑ እጁን ነጻ ያወጣለታል እንጂ ቀጣዩን ድምፅ አይመርጥለትም። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የቅኝቱ ነው፦ የሱዳን ሙዚቃ በአብዛኛው ግማሽ ድምፅ በሌለው፣ ከእኛው ትዝታ ሜጀር ጋር በሚገጥም ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ስለሚሄድ፣ ጣት ከአምስቱ የትኛው ላይ ቢያርፍ አይሳሳትም ይባላል። እውነት ነው፣ አይሳሳትም። ነገር ግን ስሕተት በሌለበት ትልቁ አደጋ መሰልቸት ነው። በአንቺ ሆዬ ውስጥ ያሉት ግማሽ ድምፆች በራሳቸው ውጥረት ይፈጥራሉ፤ ግማሽ ድምፅ በሌለባቸው አምስት ድምፆች ግን ውጥረቱን ተጫዋቹ ራሱ ከምት፣ ከዝምታና ሐረግን ከማዘግየት ማውጣት አለበት። ኢትዮጵያዊው የኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያም ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሒልተን በሚጫወትበት ዘመን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ኦርጋን ጣት እስካልተነሣ ድረስ ድምፁን ስለማይለቅ ዜማውን እንደ ማሲንቆ ይስበዋል፣ ከዚያም በአጫጭር ጌጦች ይሰብረዋል። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው «ቼ በለው» የተሰኘው አልበም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ታዲያ አልበም የወጣለት ጨዋታ ኢምፕሮቫይዜሽን ሆኖ ይቀራል? ይህ ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም። ቋሚ ዘፈን ስለሌለው የአልበሙ አዘጋጆች ከኪቦርዱ የዜማና የምት ቅንጥቦችን አውጥተው ከቀድሞ ቅጂዎቹ ጋር አዋሕደዋል፤ ስለዚህ አድማጩ የሚሰማው በከፊል የአዘጋጆቹን ምርጫ ነው። ዱፕሬም ያን የምሽት ፈጠራ በኋላ ጽፎ «ሲምፎኒ ፓሲዮን» ብሎ አሳትሞታል። ልዩነቱ ዱፕሬ የጻፈው በራሱ እጅ መሆኑ ነው፤ የጃንትራን ግን ሌሎች አቀናበሩለት።