ስለ መንዝ ጓሳ ደጋ፤ አበባውና ሣሩ በሥርዐት እንደ ተጠበቀ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ ደጋ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ከጓሳ ሣር ነው። ከዚህ ደጋ የሚፈልቀው ውሃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉም ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ይህን አገር በበጋ ያየው ሰው ውርጭና ደረቅ ሣር ብቻ ያለበት ይመስለዋል። ክረምት ገብቶ ምድሩ ዝናም ከጠገበ በኋላ ግን መልኩ ፈጽሞ ይለወጣል። አሽንዳ ቀይና ብጫ ሆኖ እንደ ፋና ይቆማል፤ ማገጥ በመስኩ ላይ ይነጠፋል፤ ጦስኝም በድንጋዩ ሥር በጥቃቅን አበባ ታጌጣለች፣ መዓዛዋም ለሚረግጣት ሳይቀር ይደርሳል። ጅብራ ግን ብዙ ዓመት ታግሦ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበም በኋላ ይሞታል።

ይህ ሁሉ ጌጥ እስከ ዛሬ የቆየው የሚፈልገው ሰው ስለ ጠፋ አይደለም። ጓሳ ለቤት ክዳን፣ ለገመድም ይሆናል፤ ሜዳው ለከብት ግጦሽ፣ ቍጥቋጦው ለማገዶ ይፈለጋል። ስለዚህ የመንዝ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ዠምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዐት አቆሙ። በቃል ሲወርድ እንደ መጣው፣ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ደጋውን ለትውልዳቸው ለይተው አስቀመጡት። ተወላጁ የቄሮውን አለቃ ይመርጣል፤ አለቃውም ሣሩ እስኪጠና ድረስ 3 ዓመትና ከዚያም በላይ ደጋውን ይዘጋዋል። በተዘጋበት ዘመን ማጨድና ማሰማራት ክልክል ነው፤ ጥበቃውም በየተራ ለሁሉ ግዴታ ነው፣ ደንቡን የጣሰም ይቀጣል። ሣሩ ሳይታጨድና ሳይጋጥ ስለ ቆየ፣ አበባውም ዘሩን ለመጣል ጊዜ ያገኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዐት ነቀፋ አልነበረበትም ማለት አይቻልም። መብቱ በትውልድ ብቻ የሚገኝ ስለ ነበረ፣ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነ ጎረቤት ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ የርስት መብት ቀረ፤ ቄሮም ዐብሮ ወደቀ። ለተገፋው ሰው እኩልነት መጣለት፤ ለደጋው ግን ጠባቂ ታጣለት። ሁሉም ባለመብት በሆነ ጊዜ፣ ቀድሞ ዓመታት ይጠብቅ የነበረው ሣር ሳይጠና መታጨድ ዠመረ።

የአገሩም ሰዎች ጕዳቱን አይተው ዝም አላሉም። ከየቀበሌው ሰው መርጠው ጉባኤ አቆሙ፤ የመዝጊያውንና የመክፈቻውን ልማድ እንደ ገና መለሱ፤ ደጋውም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተባለ። በዚህም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ማደሪያ አላጡም።

እንግዲህ የጓሳ ታሪክ የሚያስተምረው ይህ ነው። የአባቶች ሥርዐት ጥበብ ነበረው፤ ነገር ግን ጎረቤትን ያገለለ ነበር። የዐዋጁ ዘመን ጎረቤትን አገባ፤ ጥበቡን ግን ጣለ። የዛሬው ትውልድ ሁለቱን አስማምቶ ለመያዝ ይደክማል። በየክረምቱ አሽንዳው ደምቆ በታየ ቍጥር፣ ማጭዱን የመለሰ እጅ እንዳለ ይታወቅ።