ጓሳና የወል ሀብት መጻሕፍት

በመንዝ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ ስምጥ ሸለቆው ቆላ ከሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ብርድና ጉም የማይለየው ሜዳ አለ፤ ስሙም በላዩ ከሚበቅለው ሣር የተነሣ ጓሳ ይባላል። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው በዚህ ሣር ነው፤ ገመዱን ከእርሱ ይገምዳል፣ እረኛው በክረምት ዝናብ የሚደርበውን ገሳ ከእርሱ ይሠራል፣ ፍራሹንም በእርሱ ይሞላል፤ ድርቅ በሆነ ዘመን ደግሞ የከብቱ የመጨረሻ መጠጊያ እዚያው ነው። በሣሩ መካከል የሚበቅለው ጨረንፊ የተባለው ቁጥቋጦም ዛፍ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ብርዳም አገር ለምድጃው ማገዶ ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ ሁሉ የሚፈልገው፣ አጥር የሌለው፣ አንድም ሰው ብቻውን የእኔ ነው የማይለው መስክ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሳይራቆት እንዴት ቆየ? ይህን መጠየቅ የሚገባው የመንዝ ተወላጅ ብቻ አይደለም፤ በባሕር ማዶ የተፈጥሮ ሀብትን አያያዝ ከኢኮኖሚ ትምህርት ጋራ አዛምደው የሚመረምሩ ሊቃውንት ብዙ መጻሕፍት የጻፉት፣ ብዙም የተከራከሩት በዚሁ ጥያቄ ነውና።

ክርክሩን ከጀመሩት መካከል በኦክስፎርድ የኢኮኖሚ መምህር የነበሩት ዊሊያም ፎርስተር ሎይድ ይገኙበታል፤ እኚህ ሰው በ1833 (የባሕር ማዶውን ነገር በምንተርክበት ቦታ ሁሉ ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባሳተሙት ትምህርታቸው፣ በወል መስክ የሚሰማራው ከብት የሚከሳበትን፣ መስኩም ከጎኑ ካለው የታጠረ መሬት ይልቅ የሚራቆትበትን ምክንያት ጠይቀው ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ነገሩ ብዙ ዘመን ተኛ። በ1920 ፒጉ የተባሉት የካምብሪጅ መምህር ስለ ሕዝብ ደኅንነት በጻፉት ትልቅ መጽሐፍ፣ ከባቡር የሚፈናጠረው የእሳት ፍንጣሪ በሐዲዱ ዳር ያለውን ደን ሲያቃጥል ዋጋውን የባቡሩ ባለቤት እንደማይከፍል አሳዩ፤ በ1931 ሆቴሊንግ ማዕድን በምን ያህል ፍጥነት ተቆፍሮ ማለቅ እንደሚገባው በሒሳብ ቀመሩ፤ በ1954 ካናዳዊው ስኮት ጎርደን ማንም እንደ ወደደ የሚያሰግርበት ባሕር ዓሣውንም የአሥጋሪውንም ትርፍ እንደሚያጣ ጻፉ። እነዚህ ሁሉ በሊቃውንት ጉባኤ ውስጥ የቀሩ ነገሮች ነበሩ፤ ከጉባኤው ወጥቶ የመንግሥታትን ጆሮ ያገኘው በታኅሣሥ 1968 የወጣው፣ ከአንድ መጽሔት ጥቂት ገጾች የማይበልጠው የጋሬት ሃርዲን ጽሑፍ ነው።

ሃርዲን የኢኮኖሚ ሰው አልነበሩም፤ በካሊፎርኒያ የሥነ ሕይወት መምህር ነበሩ፤ ጽሑፋቸውም በመሠረቱ ስለ ሕዝብ ብዛት ነው። ምሳሌያቸው ግን ከዋናው ነገር ይልቅ ዝና አገኘ። ለሁሉ ክፍት የሆነ መስክ አለ እንበል ይላሉ፤ አንዱ እረኛ በመንጋው ላይ አንዲት ላም ቢጨምር ጥቅሟ በሙሉ የእርሱ ነው፣ መስኩ የሚደርስበት ጉዳት ግን ለእረኞቹ ሁሉ ስለሚከፋፈል ለእርሱ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ይጨምራል፣ ጎረቤቱም ይጨምራል፣ ሁሉም ይጨምራሉ፣ በመጨረሻም መስኩ ጠፍቶ ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። መድኃኒቱም ወይ መሬቱን ከፋፍሎ ለየግል መስጠት፣ ወይ ለመንግሥት ማስረከብ ነው። ይህ ምሳሌ በሒሳብ ረገድ እንከን አይወጣለትም። እኔን ግን ባነበብሁት ቁጥር የሚገርመኝ የእረኞቹ ዝምታ ነው፤ በአንድ መስክ ዕድሜያቸውን ሲፈጁ አንድም ቀን አይነጋገሩም፣ ሽማግሌ የላቸውም፣ ማኅበር አይጠጡም፣ አይማማሉም፣ ከመካከላቸው አንድ የሚፈራ አባት የለም። ሃርዲን ያን መስክ ያዩት በሐሳብ ብቻ ስለ ነበረ የመንደሩን ስም እንኳ አልጠቀሱም። እርሳቸውም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያ የተባለው ጠባቂና ሥርዓት ስለሌለው ወል ብቻ እንደ ሆነ በጽሑፍ አርመዋል፤ ነገር ግን እርማት እንደ መጀመሪያው ቃል ሩቅ አይሄድም።

ከዚያ ጽሑፍ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965፣ ኤሊኖር ኦስትሮም የተባሉ ሴት በሎስ አንጀለስ አጠገብ ስላለ የከርሰ ምድር ውኃ የዶክትሬት ድርሳናቸውን ጨርሰው ነበር። በዚያ አገር የጉድጓድ ባለቤቶች ውኃውን ያለ ልክ ሲቀዱ የባሕሩ ጨው ወደ ጉድጓዱ መግባት ጀምሮ ነበርና፣ ባለ ጉድጓዶቹ በፍርድ ቤትና በማኅበር ተሰባስበው፣ ለረጅም ጊዜ ተከራክረው፣ የየድርሻቸውን ወሰን ራሳቸው ቆረጡ። ይህን በዓይናቸው ያዩት ሴት የሃርዲንን ዝምተኛ እረኞች በቀላሉ ያምኑ ዘንድ አልተቻላቸውም። ስለዚህ ከሩቅም ከቅርብም ሌሎች የመረመሯቸውን የመንደር ሥርዓቶች ሁሉ እየሰበሰቡ፣ የቆየውን ከፈረሰው ጋራ እያስተያዩ ኖረው፣ በ1990 ስለ ወል ሀብት አስተዳደር የሚናገረውን መጽሐፋቸውን አወጡ፤ በ2009ም በኢኮኖሚ ዘርፍ የኖቤልን ሽልማት ከኦሊቨር ዊሊያምሰን ጋራ ተካፈሉ፤ በዚህ ዘርፍ ሴት ስትሸለም ያ የመጀመሪያው ነበር።

የመጽሐፉ ጣዕም ከቀመሩ ይልቅ በመንደሮቹ ነገር ላይ ነው። በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ያለችው የቶርበል መንደር ሰዎች በ1483 የተራራውን መስክ፣ ደኑንና ጠፍ መሬቱን የሚጠብቅ ማኅበር በጽሑፍ አቆሙ፤ ከውጭ መጥቶ በመንደሩ መሬት የገዛ ሰው እንኳ በወሉ መስክ መብት እንዳይኖረው ከለከሉ። በ1517ም ሌላ ሕግ ጨመሩ፤ ማንም ሰው በክረምት በራሱ ድርቆሽ ሊመግብ ከሚችለው ከብት በላይ በበጋ ወደ ተራራው እንዳይሰድ። ይህን ሕግ ልብ ብሎ ያየ ሰው ብልሃቱን ያደንቃል፤ ላሞቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ የሚወስን ዳኛ ሳያስፈልግ፣ የየሰዉ የራሱ ጎተራ ልክ ይሆንበታልና። ሕጉን ከሚተላለፈው ከሚሰበሰበው መቀጫም እኩሌታው ለጠባቂው ስለሚሰጥ፣ ጠባቂው አያንቀላፋም። በጃፓን መንደሮች ደግሞ ለቤት ክዳንና ለከብት መኖ የሚሆነው የተራራ ሣር ዓመቱን ተዘግቶ ይከርምና፣ የመክፈቻው ዕለት ሲደርስ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ብቻ ማጭዱን ይዞ በተመደበለት ሥፍራ ቆሞ የቤተ መቅደሱን ደወል ይጠብቃል፤ ሳይደወል ማጭድ አይነሣም። አጥፊ የያዘ ዘበኛም ሳኬ የተባለውን መጠጣቸውን መቀጫ አድርጎ ይቀበልና ከጓደኞቹ ጋራ ይጠጣው ነበር፤ በዚህም ማንም አይነቅፈውም።

በእስጳንያ በቫሌንሲያ ያለው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ከአንድ ወንዝ በየቦዩ ውኃ የሚጠለፍበት የዚያ አገር ገበሬ፣ የውኃ ክሱን የሚያሰማው ለንጉሥ ዳኛ ሳይሆን፣ ገበሬዎቹ ከመካከላቸው ለመረጧቸው የየቦዩ አለቆች ነው፤ እነርሱም በየሳምንቱ ሐሙስ ቀን በካቴድራሉ ደጃፍ፣ የሐዋርያት በር በተባለው ሥር ይቀመጣሉ። ጠበቃ የለም፣ በጽሑፍ የሚቀርብ ክስ የለም፤ ከሳሽም ተከሳሽም በቃሉ ይናገራል፣ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል። አጋፋሪው የየቦዩን ስም እየጠራ ተከሳሽ አለን? ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልስለት ሰው ስለሌለ ዳኞቹ ወዲያው ተነሥተው ይሄዳሉ።

መንዝ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ቢኖር ግን የሐዋርያት በር ለሚለው ስም ጥሩ ጓደኛ ባገኘለት ነበር፤ የጓሳም ሕግ ከሐዋርያት በዓል ጋራ የታሰረ ነበርና። የአገሩ ትውፊት እንደሚነግረን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ይህን መስክ ከእርሻ ለይተው ለሣርና ለግጦሽ ከለሉት፤ ሥርዓቱም ቄሮ ተባለ። (ይህ ቃል በቅርብ ዘመን በሌላ አገርና በሌላ ምክንያት በሰው ሁሉ አፍ ስለ ገባ፣ አንባቢ ሁለቱን እንዳያምታታ አሳስባለሁ።) የአስቦ ወገን የራሱን፣ የጌራ ወገን የራሱን አለቃ ይመርጣል፤ አለቃውም አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባላል። መስኩ ሲዘጋ የሚዘጋው ለአንድ ክረምት አልነበረም፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከብት ሳይረግጠው፣ ማጭድ ሳይነካው ይከርም ነበር። በዚህ ጊዜ ሁሉ አቅም ያለው ወንድ በተራው እየወጣ ይጠብቀዋል፤ ከጥበቃው የቀረም፣ ሰርቆ ያጨደም ቅጣቱ ከባድ ነው። ሣሩ ለአጨዳ መድረሱን ሽማግሌዎች አይተው ሲመሰክሩ፣ የመክፈቻው ዕለት በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በልቅሶ ቦታም ሳይቀር ይነገራል፤ ሕዝቡም በበጋው ወራት ወጥቶ ያጭዳል፣ ከብቱን ያሰማራል። ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሰውም ከብትም ከጓሳ ይወጣል፣ መስኩም ተመልሶ ይዘጋል።

ይህን የቀን አቆራረጥ ያወጣው ሰው ስለ ሣር ብዙ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። መሬቱ ሲርስ የከብት ኮቴ ሥሩን ይረግጠዋል፣ አዲሱ ቡቃያም የሚወጣው በዚያን ጊዜ ነው፤ እንግዲህ መስኩ የሚዘጋበት ቀን ከማንም ሰው ትእዛዝ ይልቅ ሁሉ ከሚያውቀው፣ ሁሉ ከሚጾመው፣ ካህኑ ከሚያውጀው ጾም ጋራ ከተያያዘ፣ አላወቅሁም፣ ወሬው አልደረሰኝም የሚል አይኖርም። ኦስትሮም ረጅም ዕድሜ ካገኙት የወል ሥርዓቶች ያወጧቸውን ስምንት መመሪያዎች ወስዶ ከቄሮ ጋራ የሚያስተያይ ሰው፣ የተጠቃሚው ማንነት የታወቀ መሆኑን፣ ሕጉ ለአገሩ አየር መስማማቱን፣ ጠባቂው ከራሳቸው ከባለ መብቶቹ መሆኑን፣ አንድ በአንድ ያገኘዋል። አንዱ መመሪያ ግን ይጎድላል፤ ሰዎች ራሳቸውን በራሳቸው የሚያስተዳድሩበትን መብት መንግሥት ሊነካባቸው አይገባም የሚለው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑ በአዋጅ ተነገረ። አዋጁ የወጣው ስለ ጓሳ ታስቦ አይደለም፤ በደቡብ ስለሚገኘው ጭሰኛ፣ በሲሶና በእርቦ አራሽ ስለ ደረሰው ግፍ ነው፤ ያን ግፍ ያየ ሰው በአዋጁ መደሰቱን እኔ ልነቅፈው አልችልም። ነገር ግን ያ አንድ ቃል ርስትን ሁሉ በአንድነት ሲሽር፣ ከርስቱ ጋራ የተያያዘው የቄሮ ሥልጣን አብሮ ወደቀ፤ አባ ቄራ ስሙ ብቻ ቀረ፣ መስኩም በገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ፣ ጥበቃውም ላላ። የዘመኑ አቆጣጠር ነገሩን የበለጠ ያሳዝናል፤ የሃርዲን ጽሑፍ ከወጣ ሰባተኛ ዓመቱ ሊሆን ነው፣ የኦስትሮም መጽሐፍ ሊወጣ ገና አሥራ አምስት ዓመት ይቀረዋል። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ የተማረ ሹም ስለ ወል መስክ መጽሐፍ ይመልከት ቢባል፣ የሚያገኘው ወይ የግል አድርግ ወይ የመንግሥት አድርግ የሚለውን ብቻ ነበር፤ ለቄሮ የሚመሰክር መጽሐፍ አልነበረም።

ቄሮን ደግሞ ከመጠን በላይ ማሞገስ ከእውነት ያርቃል። መብቱ የሚገኘው ከአስቦና ከጌራ በመወለድ ነውና፣ ከሌላ አገር መጥቶ በዚያ የሠፈረ ሰው፣ ቢደኸይም ቤቱ ቢያፈስም፣ ከባለ መብቶቹ እኩል ማጭዱን ይዞ ሊወጣ አይችልም ነበር፤ የቶርበል ሰዎች መጤውን የከለከሉትን ያህል የመንዝ ሰዎችም ከልክለዋል። ወሰን የሌለው ወል አይጸናም የሚለው የሊቃውንቱ ቃል እውነት ቢሆንም፣ ከወሰኑ ውጭ የቆመው ሰው ስንት እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ተሰማው፣ መጻሕፍቱ የሚናገሩት በጥቂቱ ነው። አዋጁን በደስታ ከተቀበሉት ውስጥ እነዚህ እንደሚኖሩበት መገመት አያስቸግርም።

ሕዝቡ ግን መስኩን ፈጽሞ አልተወውም። ዘመን ሲለወጥ በጓሳ ዙሪያ ያሉት ቀበሌዎች ኮሚቴ መርጠው ጥበቃውን መልሰው አቋቋሙ፤ ዛሬ ሥፍራው የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ተብሎ ይታወቃል፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም በዚያ ይኖራሉ። የቶርበል ሕግ ከ1483 ጀምሮ በጽሑፍ የቆየ ነው። የቄሮ ሕግ ግን በሽማግሌዎች አፍና በሐዋርያት ጾም ላይ ብቻ ተጽፎ ኖሮ፣ ዘለዓለም ተፈራ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከመንዝ ሽማግሌዎች ጠይቀው በሰፊው በጻፉት ድርሳን ውስጥ ይነበባል፤ ድርሳኑ ለዶክትሬት የቀረበው በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ በ2001 ነው፣ ቄሮ ከተሻረ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፤ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው።